ሴራሚክ ወይስ ብረት? ዳሌ ሲቀየር የዕቃው ዓይነትና ኢንፌክሽን ምን ያገናኛቸዋል

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ዳሌው እንዲቀየር የተወሰነለት ሰው ባለበት ቤት፣ ወሬው ከሕመሙ ወደ ዕቃው ለመዞር ጊዜ አይፈጅም። «ሴራሚኩ ኢንፌክሽን አይዝም»፣ «ብረቱ ሰውነት ውስጥ ይዝግና ያመረቅዛል»፣ «ውዱ ካልሆነ አታስገቡ» የሚሉ ምክሮች ከቡናው ጋር አብረው ይቀርባሉ። መካሪዎቹ ክፉ አስበው አይደለም፤ ከሚሉት ውስጥም ጥቂት እውነት አለ። አሳሳቢው ነገር ያቺ ጥቂት እውነት ከልኳ በላይ ተለጥጣ ቤተሰብ ጥሪቱን እንዲያሟጥጥ፣ አለዚያም ቀዶ ሕክምናውን ከወር ወር እንዲያስተላልፍ ምክንያት መሆኗ ነው።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልናገር። ኢንፌክሽን የሚያመጣው ባክቴሪያ እንጂ ዕቃው አይደለም። ዕቃው የሚወስነው ባክቴሪያው እዚያ ከደረሰ በኋላ ለመጣበቅና ለመሸሸግ ምን ያህል እንደሚመቸው ነው። በዚህ በኩል በዕቃዎች መካከል ልዩነት መኖሩን የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው፤ ከታካሚው የስኳር መጠን፣ ከቆዳው ጤንነት፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጥንቃቄና ቁስሉ ቤት ከገባ በኋላ ከሚደረግለት ክትትል ጋር ሲተያይ በጣም ያንሳል። የሚቀጥለው ማብራሪያ ይህ ለምን እንደ ሆነ ያሳያል።

ዳሌ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው?

የዳሌ መገጣጠሚያ የጭን አጥንት ክብ ጫፍ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የሚዞርበት ቦታ ነው። ሙሉ ቅየራ ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍሎች ይገባሉ። በጭን አጥንት ውስጥ የሚተከል ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ኳስ፣ በዳሌ አጥንቱ ጎድጓዳ ውስጥ የሚገጠም ኩባያ፣ በኩባያውና በኳሱ መካከል የሚገባ ገበር።

ዘንጉ ከቲታኒየም ቅይጥ፣ ኮባልት ክሮም ከሚባል የብረት ቅይጥ ወይም ከማይዝግ ብረት ይሠራል። ኳሱ ኮባልት ክሮም ወይም ሴራሚክ (እንደ ሸክላ በእሳት ተጋግሮ የሚጠነክር ቁስ) ነው። ገበሩ ብዙውን ጊዜ ፖሊኢትሊን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሆን አልፎ አልፎ ሴራሚክ ይሆናል። ኩባያው በአብዛኛው ቲታኒየም ነው። እንግዲህ «ሴራሚክ ገባለት» የተባለው ሰው ዳሌ ውስጥም ብረት አለ። ሴራሚክ የሆነው ኳሱ ወይም ኳሱና ገበሩ ብቻ ነው። ሰው «ሴራሚክ ወይስ ብረት» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠይቀው እርስ በርሳቸው ስለሚፋተጉት ሁለት ክፍሎች መሆኑን ማወቅ ብዙ ውዥንብር ያጠራል።

ወድቀው የጭን አጥንታቸው አንገት የተሰበረባቸው አረጋውያን ብዙ ጊዜ የሚደረግላቸው ግማሽ ቅየራ ነው። የሚለወጠው የጭኑ ወገን ብቻ ሲሆን የዳሌ አጥንቱ ጎድጓዳ እንዳለ ይተዋል። ለእነዚህ ሰዎች የኳስና የገበር ምርጫው ክርክር አብዛኛው አይመለከታቸውም።

ከሌላ ቁስል ኢንፌክሽን የሚለየው በምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. 1957 ኤሌክና ኮነን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ላይ አንድ ሙከራ አደረጉ። በጤናማ ቆዳ ውስጥ መግል እንዲቋጠር ከሚሊዮን በላይ ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ መስጠት አስፈለጋቸው። በዚያው ቆዳ ውስጥ የሐር ክር ሲኖር ግን መቶ ያህል ባክቴሪያ በቃ። ክሩ መርዝ አልነበረበትም። የደም ሥር የሌለው፣ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ገብተው ሊያጸዱት የማይችሉት ባዕድ ነገር መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱን ያመጣው። ዳሌ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ከሐር ክር ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ከቲታኒየምም ይሁን ከሴራሚክ ይሠራ፣ ደም አይዞርበትም። ሴራሚክ ኢንፌክሽን አይዝም የሚለው አባባል የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው።

ባክቴሪያው ዕቃው ላይ ካረፈ በኋላ የሚያደርገው ነገር አለ። ይጣበቃል፣ ይባዛል፣ ከዚያም ዝልግልግ ሽፋን ሠርቶ ውስጡ ይቀመጣል። ሳይንቲስቶች ይህን ሽፋን ባዮፊልም ይሉታል። ውኃ በጀሪካን የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ ባዮፊልምን በእጁ ዳስሶታል። ጀሪካኑ ሲቆይ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የሚይዘው ሙልጭልጭ ነገር እርሱ ነው። ውኃ ጨምሮ ማለቅለቅ አያስለቅቀውም፤ አሸዋ ወይም ጠጠር ጨምሮ አጥብቆ መናጥ ያስፈልጋል። ገና የያዘ ከሆነ ይለቃል፣ የቆየ ከሆነ ጀሪካኑ ይጣላል። ውስጡ የተጫጫረ ጀሪካን ደግሞ ከለስላሳው ፈጥኖ ይይዛል፣ ለማጽዳትም ያስቸግራል።

የዳሌው ነገርም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። አንቲባዮቲክ ብቻውን ማለቅለቅ ነው። በባዮፊልም ውስጥ የተቀመጠ ባክቴሪያ እድገቱን ቀንሶ ስለሚኖር፣ በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ የሚገድለው የመድኃኒት መጠን አይነካውም፤ አንዳንዴ እስከ ሺህ እጥፍ የሚደርስ መጠን ይጠይቃል። ያን ያህል መድኃኒት ሰው ሊወስድ አይችልም። ስለዚህ ሐኪሞች ከፍተው ያጥባሉ፤ ጊዜው ካለፈ ደግሞ ዕቃውን ያወጡታል።

በደንብ መዝገብ በሚያዝባቸው አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ዳሌያቸው ከተቀየረላቸው ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን የሚገጥማቸው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ለሚደርስበት ሰው ግን ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና፣ ለሳምንታት የሚወሰድ መድኃኒትና አንዳንዴም ያለ ምርኩዝ መሄድ አለመቻል ማለት ነው።

ታዲያ የዕቃው ዓይነት የሚለውጠው ምኑን ነው?

አንቶኒ ግሪስቲና የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. 1987 ጉዳዩን እንደ ሽቅድምድም ገለጸው። ዕቃው ሰውነት ውስጥ በገባ ቅጽበት የሰውየው ሕዋሳትና ባክቴሪያው ወለሉን ለመያዝ ይሻማሉ። ሕዋሳቱ ቀድመው ከሸፈኑት ለባክቴሪያው ቦታ አይተርፍም። የዕቃው ጠባይ በዚህ ሽሚያ ለአንዱ ወገን ያደላል።

አንዱ ጠባይ ልስላሴ ነው። የሴራሚክ ኳስ እጅግ በጣም ለስላሳና ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ አይጫጫርም። የብረት ኳስ አዲስ ሲሆን ለስላሳ ቢሆንም በጊዜ ብዛት ይጫጫራል። በቤተ ሙከራ ሲታይ ባክቴሪያ በብዙዎቹ የሴራሚክ ወለሎች ላይ ከብረትና ከፕላስቲክ ያነሰ ይጣበቃል። እዚህ ላይ አንድ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አለ። ያለ ሲሚንቶ (ዕቃውን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው፣ ወደ ታች የማብራራው ቁስ) የሚተከለው ዘንግና ኩባያ ሆን ተብሎ ሻካራ ይደረጋል፤ አጥንት በቀዳዳዎቹ ገብቶ እንዲይዘው ነው። ለአጥንት የሚመቸው ሻካራነት ለባክቴሪያም ይመቻል። የዕቃ ሠሪዎች ድካም ይህን ሚዛን መጠበቅ ነው፤ እስካሁንም ፍጹም መፍትሔ አልተገኘለትም።

ሁለተኛው ጠባይ ብናኝ ነው። ሁለት ነገሮች በሚሊዮን ለሚቆጠር እርምጃ ሲፋተጉ ይበናሉ። ብናኙ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ባለው ሥጋ ውስጥ ይከማቻል፤ ሊጠርጉት የሚመጡት የመከላከያ ሕዋሳትም በእርሱ ተጠምደው ለባክቴሪያ የሚሰጡት ምላሽ ይዳከማል። የብረት ብናኝ ከዚህም ይብሳል፤ ሲበዛ ሥጋውን ይገድላል። የሞተ ሥጋ ለባክቴሪያ ምቹ መኖሪያ ነው።

«ብረቱ ይዝጋል» የሚለው አባባል ትንሿ እውነትም እዚህ አለች። ለዚህ ሥራ የሚውሉት ብረቶች እንደ ቤት ቆርቆሮ አይዝጉም። ይሁን እንጂ ኳሱ ከዘንጉ ጋር በሚገጣጠምበት አንገት ላይ፣ በተለይ ኳሱ ኮባልት ክሮም ሲሆን፣ ረቂቅ እንቅስቃሴና የሰውነት ፈሳሽ ተባብረው ብረቱን ቀስ በቀስ ሊበሉት ይችላሉ። ከዚያም የኮባልትና የክሮሚየም ቅንጣቶች ወደ ዙሪያው ሥጋ ይለቀቃሉ። የሴራሚክ ኳስ ይህን በእጅጉ ይቀንሳል።

የዚህ ሁሉ ክፉው ምሳሌ የብረት ኳስ በብረት ኩባያ ውስጥ የሚዞርበት ዓይነት ነው። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዙ አገሮች ለወጣት ታካሚዎች ይመረጥ ነበር፤ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል ተብሎ ታምኖበት ነበርና። በተግባር የብረት ብናኙ በብዙ ሰዎች ላይ የሥጋ ጉዳት አደረሰ። በስፋት ከተሸጡት ምርቶች አንዱ እ.ኤ.አ. 2010 ከዓለም ገበያ ተሰበሰበ። እንዲህ ያለ ዳሌ ሲከፈት መግል የሚመስል ፈሳሽ ይገኛል፤ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ግን ባክቴሪያ ላይኖርበት ይችላል። ዛሬ ይህ ዓይነት ለሙሉ ቅየራ ከሞላ ጎደል ቀርቷል። የሚያቀርብ ካለ ጠንከር አድርጎ መጠየቅ ይገባል።

ሴራሚክ ይሻላል የሚለው በጥናት ተረጋግጧል?

በዚህ ጉዳይ ላይ በሰፊው ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ ከእንግሊዝና ዌልስ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ የወጣ ሲሆን እ.ኤ.አ. 2018 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2013 የተደረጉ ከ600 ሺህ በላይ የዳሌ ቅየራዎችን ተመለከቱ፤ በኢንፌክሽን ምክንያት እንደገና መከፈት ያስፈለጋቸው 2,700 ያህል ነበሩ። ሴራሚክ የተገጠመላቸው ሰዎች፣ የብረት ኳስና የፕላስቲክ ገበር ከተገጠመላቸው ይልቅ በኢንፌክሽን ሳቢያ የመከፈት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ በተለይ ጎልቶ የታየው ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህ የጊዜ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚነሳ ኢንፌክሽን በአብዛኛው በቀዶ ሕክምናው ወቅት ከገባ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ በዚያ ጊዜ ብናኝ ገና አልተከማቸም። በዓመታት ውስጥ የሚመጣው ግን ሥጋው በብናኝ ከተዳከመ በኋላ ነው። ስለዚህ ሴራሚክ የሚያግዘው በኋለኛው ዘመን መሆኑ ከላይ ካየነው አሠራር ጋር ይስማማል።

በሌላ በኩል፣ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ ደምረው የመረመሩ ሌሎች ባለሙያዎች በኳስና በገበር ዓይነቶች መካከል ግልጽ የኢንፌክሽን ልዩነት አላገኙም። ይህ አለመስማማት ከየት ይመጣል? አንዱ ምክንያት ሴራሚክ የሚገጠመው ለማን ነው የሚለው ነው። ዋጋው ከፍ ስለሚል፣ ዕድሜውም ረጅም ስለሚሆን፣ ሐኪሞች ለወጣትና ለጤነኛ ሰው ይመርጡታል። ተመራማሪዎች ይህን በስሌት ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ በመዝገብ ላይ ያልሰፈረን ነገር ግን ማስተካከል አይቻልም። ሌላው ምክንያት ቀደም ብዬ ያነሳሁት መግል የሚመስል ፈሳሽ የሚያመጣው መሳሳት ነው። በብረት ብናኝ የተጎዳ ሥጋ «ኢንፌክሽን» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ያኔ ብረቱ ካለበት በላይ ጥፋተኛ ይመስላል።

እኔ ማስረጃውን የማነበው እንዲህ ነው፦ ሴራሚክ በኢንፌክሽን በኩል አይጎዳም፣ ምናልባትም በረጅም ጊዜ ይጠቅማል። ከዚህ ያለፈ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ እየጫነበት ነው።

ሲሚንቶውስ?

በዘንጉና በአጥንቱ መካከል የሚሞላው የአጥንት ሲሚንቶ ከግንባታው ሲሚንቶ ጋር በስም እንጂ በሌላ አይገናኝም። ዱቄትና ፈሳሽ ሆኖ ለየብቻው ይመጣል። በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ሲደባለቅ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አለው፤ መጀመሪያ ይቀጥናል፣ ቀጥሎ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ ከዚያ እየጋለ በ10 ደቂቃ ገደማ ይደድራል። ሐኪሙ ዘንጉን አስገብቶ አቅጣጫውን ይዞ መቆየት ያለበት በዚያች አጭር ጊዜ ነው።

በሀምቡርግ ይሠሩ የነበሩት ጀርመናዊው ሐኪም ቡህሆልስ በ1970 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ በዚህ ሲሚንቶ ውስጥ ጀንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ መጨመር ጀመሩ። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በብዛት፣ ከዚያም ለሳምንታት በጥቂቱ፣ ዕቃው ባለበት ቦታ ይለቀቃል። በደም ሥር ቢሰጥ ኩላሊት ሊጎዳ የሚችል መጠን እዚያው ቦታ ላይ ይገኛል፤ ወደ ደም የሚገባው ግን ትንሽ ነው። የኖርዌይ የመገጣጠሚያ መዝገብ አንቲባዮቲክ ያለው ሲሚንቶ ከደም ሥር አንቲባዮቲክ ጋር ሲጣመር ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከመጠቀም የተሻለ ውጤት እንዳሳየ አመልክቷል።

ስለ ዕቃ የምጨነቅ ቤተሰብ ብሆን ከኳሱ ዓይነት በፊት የምጠይቀው ይህን ነው፤ ሲሚንቶ የሚገባ ከሆነ አንቲባዮቲክ አለበት ወይ? ብዙ ሲጨመር ይሻላል ብሎ መገመት ግን አያስኬድም። በእንግሊዝ ዳሌያቸው ተሰብሮ ግማሽ ቅየራ በተደረገላቸው ወደ 5 ሺህ በሚጠጉ አረጋውያን ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. 2023 የታተመ ሙከራ፣ አንድ አንቲባዮቲክ ያለውን የተለመደ ሲሚንቶ ሁለት አንቲባዮቲክ በከፍተኛ መጠን ካለው ጋር አነጻጽሮ በጥልቅ ኢንፌክሽን በኩል ልዩነት አላገኘም።

ከዕቃው በላይ የሚመዝነው ምንድን ነው?

የዛሬው የዳሌ ቅየራ አባት የሚባሉት እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ናቸው። መጀመሪያ ለገበሩ ቴፍሎን ተጠቀሙ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበልቶ አለቀ፣ ታካሚዎቹም እንደገና ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. 1962 ፖሊኢትሊንን ሞከሩ፤ ያ ሠራ። የዕቃውን ችግር ከፈቱ በኋላም ግን ኢንፌክሽኑ አልለቀቃቸውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመቶ ሰባት ያህል ታካሚዎቻቸው ያመረቅዙ ነበር። ቻርንሊ የተጣራ አየር የሚወርድበት ልዩ ክፍል አሠሩ፣ የቀዶ ሕክምና ልብሱን ቀየሩ፣ ቁስል አሰፋፉን አሻሻሉ። ኢንፌክሽኑ ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። ውጤቱን ያመጣው በዋናነት በዕቃው ዙሪያ ያለው ጥንቃቄ ነበር። (ውድ የአየር ማጣሪያ ዛሬም የግድ ነው ማለት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. 2016 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ቀዶ ሕክምና አላበረታታውም። ትክክለኛው አንቲባዮቲክ በትክክለኛው ሰዓት መሰጠቱ ብዙውን ሥራ ይሠራል።)

ያው መመሪያ የሚላቸው ነገሮች ለእኛ አቅም የራቁ አይደሉም። ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ገላውን በሳሙና ይታጠብ። ጸጉር በምላጭ አይላጭ፤ የግድ ከሆነ በመቁረጫ ማሽን ብቻ ይነሳ፣ ምላጭ ቆዳውን በረቂቁ ይሰነጣጥቃልና። ቆዳው አልኮል ባለበት ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) ይጸዳ። አንቲባዮቲኩ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ይሰጥ፤ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለመከላከል ብቻ ተብሎ ለቀናት አይቀጥል። የመጨረሻዋ ነጥብ ብዙ ሰው ያስገርማል። ሰው በወሰደው ክኒን ብዛት የተጠበቀ ይመስለዋል፤ የሚጠብቀው ግን ቢላው ቆዳውን ሲነካ በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው።

በታካሚው በኩል ደግሞ ቅድም የጠቀስኩት የእንግሊዝና የዌልስ ጥናት ግልጽ ነገር ይናገራል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት በኢንፌክሽን የመከፈትን ዕድል ወደ እጥፍ አስጠግቶታል። ስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ቀድሞ በመገጣጠሚያቸው ላይ ኢንፌክሽን የነበረባቸውና በስብራት ምክንያት የተቀየረላቸው ሰዎችም ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። እኛ ጋ ከውፍረት ይልቅ ምግብ ማጣትና የደም ማነስ ሊጫኑ ይችላሉ፤ እነርሱም ቁስል እንዳይድን ያደርጋሉ። ሲጋራም እንዲሁ።

አንድ ነገር ለብቻው ልጨምር፤ ወጌሻ። እዚህ ደሴ፣ ገራዶ ቁልቁለት ላይ ወይም የክረምት ጭቃ በያዘው የሸዋ በር ደረጃ ላይ ተንሸራተው የወደቁ እናት መጀመሪያ የሚወሰዱት ብዙ ጊዜ ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻን መዝለፍ ፍላጎቴ አይደለም፤ ብዙ ወለምታ አቅንተዋል። የጭን አጥንት አንገት ስብራት ግን በእሽት አይገጥምም። እሽቱ ቆዳውን ካላላጠው፣ መተኮስና መብጣት ባይኖርም እንኳ፣ ቢያንስ ጊዜ ይጠፋል፤ ያም በአልጋ ላይ የሚፈጠር የጀርባ ቁስል ማለት ነው። ቆዳው ከተበጣ ወይም ከተተኮሰ ደግሞ ሐኪሙ ቁስሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ይኖርበታል፤ በተቆሰለ ቆዳ በኩል ባክቴሪያው በሩ ተከፍቶለታልና። መታሸት ያለበትንና የሌለበትን የሚለየው ራጅ ነው።

እንግዲያው ለሴራሚክ ገንዘብ ይፈለግ ወይስ ይቅር?

ታካሚው ወጣት ከሆነ፣ ብዙ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ገንዘቡም ካለ፣ የሴራሚክ ኳስ በፕላስቲክ ገበር ጥሩ ምርጫ ነው፤ ዋናው ምክንያትም ብናኙ ማነሱና ዕድሜው መርዘሙ ነው፤ የኢንፌክሽኑ ጥቅም ካለ ተጨማሪ ነው። ሴራሚክ በሴራሚክ ሲሆን ብናኙ ከሁሉም ያንሳል፤ በአንጻሩ አልፎ አልፎ ሲራመዱ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ከስንት አንዴም ይሰበራል፣ ሲሰበር ስብርባሪውን ማውጣት ከባድ ነው።

ታካሚዋ የ75 ዓመት እናት ከሆኑና ስኳራቸው ካልተስተካከለ ግን፣ ለኳሱ ልዩነት ላም ከመሸጥ ይልቅ ያን ገንዘብ ለስኳራቸው፣ ለምግባቸውና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሚደረገው ምልልስ ማዋል ዳሌያቸውን የበለጠ ይጠብቀዋል። የብረት ኳስ በዘመናዊ ፕላስቲክ ገበር ላይ ለአሥርተ ዓመታት የተፈተነ፣ የሚታመን ዕቃ ነው። ይህን ለመናገር አላመነታም።

የትኛውም ይመረጥ፣ አንድ ነገር ጠይቆ መያዝ ይገባል። ዕቃዎቹ በድርብ ማሸጊያ ታሽገው ይመጣሉ። ነርሷ ካርቶኑን ከመክፈቷ በፊት መጠኑን፣ ወገኑን (ቀኝ ወይም ግራ) እና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሐኪሙም አንገቱን ይነቀንቃል። በካርቶኑ ውስጥ የምርቱ ስም፣ የተሠራበት ቁስና የምርት ቁጥሩ የታተመባቸው ትናንሽ ተለጣፊ ወረቀቶች አሉ። አንዱ በካርዱ ላይ ይለጠፋል። ሌላውን ለታካሚው እንዲሰጡ መጠየቅ ይቻላል፤ ባይገኝ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። ከዓመታት በኋላ ዳሌው እንደገና መከፈት ቢኖርበት፣ ኳሱንና ገበሩን ብቻ ለመለወጥ ከዘንጉ ጋር የሚገጥመው የትኛው እንደ ሆነ የሚናገረው ያ ወረቀት ነው። ካልታወቀ ሐኪሙ ደህናውን ዘንግ ጭምር ለመንቀል ሊገደድ ይችላል።

ቤት ከተገባ በኋላስ?

አዲስ አበባ ሄዶ ዳሌውን ያስቀየረ የደሴ ሰው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቤቱ ይገባል። ቁስሉ የሚያመረቅዝ ከሆነ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ፣ በቤቱ ነው። ያከመው ሐኪም ደግሞ እዚያ ነው። ይህ ርቀት ከዕቃው ዓይነት በላይ ያሳስበኛል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሳምንታት ውስጥ ኢንፌክሽን ከተደረሰበት፣ ባዮፊልሙ ገና ስላልጠነከረ ሐኪሞች ከፍተው አጥበው፣ ኳሱንና ገበሩን ለውጠው፣ ዘንጉንና ኩባያውን ሊያተርፉ ይችላሉ። ከዚያ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ይወጣል። ብዙ ጊዜም አንቲባዮቲክ ያለው ሲሚንቶ ለሳምንታት በቦታው ይቆይና አዲሱ ዕቃ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይገባል።

ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ የሐኪሙን ወይም የክፍሉን ስልክ መያዝ፣ እዚህ ከተማም ቁስሉን የሚያይ የአጥንት ሐኪም ወይም የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ፋሻውን የሚያርስ ፈሳሽ ከሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ ከጋለ፣ እየቀነሰ የመጣው ሕመም ተመልሶ ከባሰ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መሄድ ነው። ዘግይቶ የሚመጣው ኢንፌክሽን ደግሞ ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። ደህና ሲራመድ የቆየ ሰው ዳሌውን በዕረፍትም በሌሊትም እያመመው ከመጣ ያ ብቻውን ለመመርመር በቂ ምክንያት ነው።

በዚህ ጊዜ ፋርማሲ ገብቶ አንቲባዮቲክ መግዛት ብዙ ዳሌ አበላሽቷል። መድኃኒቱ ትኩሳቱንና መቅላቱን ለጊዜው ያበርዳል፤ ባዮፊልሙ ግን እዚያው ይቀመጣል፣ ሦስቱ አራቱ ሳምንታትም ያልፋሉ። በዚያ ላይ ሐኪሙ ከመገጣጠሚያው በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ የትኛው ባክቴሪያ እንደ ሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ሊያስመረምር ሲል፣ የተወሰደው ክኒን ውጤቱን ይደብቀዋል። ለሳንባ ነቀርሳ የምናውቀው ሪፋምፒሲን በባዮፊልም ውስጥ ባለ ስታፊሎኮከስ ላይ ከሚሠሩት ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ መሆኑን የሰሙ ሰዎች ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ብቻውን ሲወሰድ ግን ባክቴሪያው በቀናት ውስጥ ይለምደዋል። ስለዚህ ቁስሉ ከታጠበ በኋላ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ፣ በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ ይሰጣል። ሕመምተኛው ድንገት ትኩሳቱ ጸንቶ ካልደከመ በስተቀር ፈሳሹ ተቀድቶ ወደ ቤተ ሙከራ እስኪሄድ ድረስ ምንም አንቲባዮቲክ ባይጀመር ይመረጣል። ተጀምሮ ከነበረም የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዞ ሄዶ መቼ እንደ ተጀመረ ለሐኪሙ መናገር ነው፤ ሐኪሙ ለምርመራው ሲል ለሁለት ሳምንት ያህል ሊያስቆመው ይችላል።